ከትምህርት ቤታችን አንድም ተማሪ ሳያልፍ ሲቀር የእኔን ድርሻ እንዴት ልመዝነው?

የሒሳብ መምህር (ጠያቂ)

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የማቀርበው ጥያቄ በውስጤ ሲብላላ የቆየ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ፣ ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ያህሉ መሆናቸው ተነገረ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ፤ የእኛም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በመሰጠቱ የለመድነው ኩረጃ ቦታ አላገኘም። ስለዚህ ያየነው ቁጥር የአንድ ዓመት ውድቀት ሳይሆን ለብዙ ዓመታት ተሸፍኖ የኖረ እውነት መሆኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተቀመጥን ሁሉ እናውቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት በማረፊያ ክፍሉ ያልተከሰሰ አልነበረም። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማንበብ የማይችል ልጅ እያሳለፉ ይልኩብናል አልን። ወላጆች በገበያ ቀንና በአጨዳ ወቅት ልጆቻቸውን ያስቀራሉ፤ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ጦርነቱ አገሩን አመሰው፤ መጽሐፍ አልደረሰም፤ ደመወዛችን ወር አያደርስም አልን። ከእነዚህ መካከል አንዱም ሐሰት አልነበረም፤ ይህን አስምሬ የምናገረው ጥያቄዬ የተነሣው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ከወደቁት ተማሪዎቼ አንዷ ሰነዷን ልትወስድ መጥታ ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ጠበቀችኝ። በእጇ የ11ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሯን ይዛለች። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሠርቼ ራይት ብለውኝ ነበር፤ በፈተናው የመጣው ይህን የመሰለ ጥያቄ ነው፤ የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?» አለችኝ። ገጹ ኢንኢኳሊቲ የምንለው ትምህርት ነበር። ሁለቱን ወገን በኔጋቲቭ ቁጥር ስናባዛ «ይበልጣል» የሚለው ምልክት ወደ «ያንሳል» መገልበጥ አለበት፤ እርሷ አልገለበጠችውም። በተከታታይ ሰባት ጥያቄዎች ላይ ያንኑ ስሕተት ሠርታለች፤ በሰባቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርጌ ከገጹ ግርጌ ፈርሜያለሁ።

በዚያ ዓመት አምስት ክፍል አስተምር ነበር፤ በየክፍሉ ወደ ሰባ የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩ። ሦስት መቶ ሃምሳ ደብተር በሴሚስተሩ መጨረሻ በሁለት ቀን አርሞ ማርክ መሙላት ምን ማለት እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ ገጹ መሞላቱን እያዩ ማለፍ ነው። ሰበቡ እውነት ነው፤ ፊርማውም የእኔ ነው። ሌላም አለ። ቀደም ባሉት ዓመታት ፈታኝ ሆኜ ስመደብ ተማሪዎች እርስ በርስ ሲገላበጡ ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ራሴን እንደ ርኅሩኅ ሰው እቆጥር ነበር።

በተከታዩም ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት ከመቶ 3.2 ብቻ ሆኑ፤ በማረፊያ ክፍላችንም ያው ንግግር ተደገመ። እኔ ግን እንደ በፊቱ አብሬ መናገር አቃተኝ። ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ከውጭ ያለው ምክንያት እውነትና ከእኔ ጥፋት ይልቅ እጅግ የገዘፈ ሲሆን፣ ሰው የራሱን ድርሻ ሳያሳንስም ሳያጋንንም እንዴት ይመዝነዋል? ይህንንስ አሁን ለማስተምራቸው ተማሪዎች መናገር ይገባኛልን፣ ወይስ እነርሱም በተራቸው ድክመታቸውን በእኔ እንዲያሳብቡ በር እከፍትላቸዋለሁ?

አዋላጅ ነርስ

መምህር፣ ጽሑፍዎን ያነበብኩት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው፤ ሁለት ጊዜም ደግሜዋለሁ። እኔ የማውቀው የሙያዬን ነገር ብቻ ስለሆነ ከዚያው ልነሣ።

አንዲት እናት በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት ስትሞት የሞቷ ምክንያት ተመርምሮ ይጻፋል። ይህ አሠራር በአገራችን በ2005 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን በምርመራው ላይ የማንም ስም አይጠራም፣ ማንም አይወቀስም። ምርመራው የሚሄደው «ሦስቱ መዘግየቶች» በምንላቸው ላይ ነው። የመጀመሪያው ቤተሰቡ ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወስን የባከነው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው በመንገድና በመጓጓዣ ዕጦት የጠፋው ነው፤ ሦስተኛው እናቲቱ እኛ ዘንድ ከደረሰች በኋላ የሚገባትን ሕክምና እስክታገኝ ያለፈው ነው። በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መዘግየት ላይ ሁላችንም አንደበተ ርቱዕ ነን፤ ስለ ባህሉ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ አምቡላንሱ ነዳጅ ያለ ድካም እንናገራለን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ ሌላው ወረቀት ያገላብጣል።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ቤቷ ወልዳ ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ አመጧት። ቤተሰቡ ግማሽ ቀን ዘግይቷል፤ ከመንደሯ እስከ መኪና መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘዋል። ደም የሚያቆመው መድኃኒት በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ስላለበት ማቀዝቀዣው ባለበት ክፍል ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም በእኔ ጋውን ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ምሳ ወጥቼ ነበር። ሰው ተልኮ እስክመጣ 25 ደቂቃ አለፈ። ሴትየዋ አልተረፈችም። በስብሰባው ላይ ባልደረቦቼ ከፍቅራቸው የተነሣ በመጀመሪያው መዘግየት ላይ አብዝተው ተናገሩ፤ እኔም እንዲናገሩ ፈለግሁ። እስከ ዛሬ የምነጋገርበት ከራሴ ጋር ነው፤ የቤተሰቡ ግማሽ ቀንና የመንገዱ ሦስት ሰዓት ከእኔ 25 ደቂቃ ይልቅ እጅግ ይረዝማሉ፤ ነገር ግን ርዝመታቸው ከእኔ 25 ደቂቃ ላይ አንዲት ደቂቃ እንኳ አይቀንስም። ለሁለት ስብሰባ ዝም ካልኩ በኋላ በሦስተኛው ቁልፉ በእኔ ኪስ እንደነበረ ተናገርኩ። በማግሥቱ ቁልፉ ከማዋለጃ ክፍሉ በር ጎን ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ቀደም ብዬ ተናግሬ ቢሆን ቀደም ብሎ ይሰቀል ነበር።

ስለዚህ «የእኔ ድርሻ ከመቶ ስንት ነው?» ብለው ባይጠይቁ እመርጣለሁ፤ ይህ ጥያቄ ሰውን ወደ ክርክር ይመልሰዋል፤ ተከራካሪ ደግሞ የሚፈልገው መርታት ነው። «ይህች ልጅ በእኔ እጅ በነበረችበት ሰዓት ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የተወሰነ፣ የሚታይና የሚስተካከል ነገር ሆኖ ያገኙታል፤ የእርስዎም መልስ ሰባት ጥያቄ ያለበት አንድ ገጽ ነው።

ከሙያችን ታሪክ አንድ ነገር ልጨምር። በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ከ1841 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት በአንደኛው ክፍል ከመቶ እናቶች ወደ 10 የሚጠጉት ሲሞቱ፣ አዋላጆች በሚሠሩበት በሁለተኛው ከ4 ያነሱ ይሞቱ ነበር። ሰዎቹ ያላነሡት ምክንያት የለም፤ የከተማው አየር ነው ተባለ፤ ሴቶቹ ወንድ ተማሪ ሲነካቸው ስለሚያፍሩ ነው ተባለ፤ ለሟች ጸሎት የሚያልፈው ቄስ የሚያንቃጭለው ቃጭል ያስደነግጣቸዋል እስከ መባል ተደረሰ። ዶክተር ኢግናዝ ሴመልቫይስ አንድ ባልደረባው አስከሬን ሲመረመር በቢላዋ ተወግቶ እንደ እናቶቹ ባለ ሕመም ሲሞት ነገሩ በራለት፤ ሞቱን ከአስከሬን ክፍል ወደ እናቶቹ የሚያመጡት የሐኪሞቹ የራሳቸው እጆች ነበሩ። በ1847 በግንቦት ወር ሁሉም በክሎሪን እጁን እንዲታጠብ አደረገ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ እርሱ ራሱ ብዙ አስከሬን የመረመረ ሰው ስለነበር በእርሱ እጅ ስንት እናት እንደ ሞተች የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን በጽሑፍ መመስከሩ ነው።

የታሪኩ ሌላ ገጽታም አለ፤ ይህን የምነግርዎ ጽሑፍዎ ውስጥ ብርቱ ሐዘን ስላነበብኩ ነው። በጀርመን የኪል ከተማ ሐኪም የነበረው ጉስታቭ ሚካኤሊስ የሴመልቫይስን ግኝት ሲሰማ እርሱ ያዋለዳትን የቅርብ ዘመዱን የገደላት የራሱ እጅ መሆኑን ተረዳ፤ በ1848 በጸጸት ተውጦ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ያ ሰው እጁን መታጠብ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስንት እናት ሊያድን ይችል እንደነበር ሳስብ አዝናለሁ። ጸጸትዎ እንቅልፍ የሚነሳዎ ከሆነ እባክዎ ብቻዎን አይያዙት፤ ከሚያምኑት ሰው ጋር ይነጋገሩ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ

ወንድሜ ሆይ፣ «ከእነዚህ መካከል አንዱም ሐሰት አልነበረም» ያሉት ቃል አቆመኝ። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ሲጠየቅ የሰጠውን መልስ ልብ ብለው አስተውለውት ያውቃሉ? ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት ከዛፉ ሰጠችኝና በላሁ ነው ያለው። ከዚህ ቃል ውስጥ ሐሰት የለም፤ ሴቲቱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ፍሬውን የሰጠችውም እርስዋ ናት። አዳም የዋሸው በቃላቱ አይደለም፤ ጥፋቱ የእውነቱ አሰላለፍ ላይ ነው፤ ሁለቱን አስቀድሞ «በላሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል መጨረሻ ላይ ሸሸጋት። እኛም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ስንልክክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራበት መሣሪያ ውሸት ሳይሆን እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ራሳችንን የማንጠራጠረው።

በልጅነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ንስሐ ስገባ ከወንድሜ ጋር የተጣላሁበትን ነገር ስተርክ የንስሐ አባቴ በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ የወንድምህን ኃጢአት ጨረስክ፤ እርሱ ሲመጣ ይነግረኛል፤ አሁን የአንተን ጀምር» አሉኝ። የምናገረው አጣሁ። ታሪኩን ሁሉ ያዘጋጀሁት እርሱን ይዤ ስለነበር እርሱ ሲወጣ ባዶ ሆነ።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም በግብፅ ገዳም ሳለ በአንድ ባጠፋ መነኩሴ ላይ እንዲፈርድ በተጠራ ጊዜ ቀዳዳ ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። አሸዋውን የሚያየው ከኋላ የሚከተል ሰው ነው። ያቺ ልጅ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ከኋላዎ ስትከተል የነበረች ናትና በእኔ እምነት የወቀሳ ሳይሆን የምሕረት መልእክተኛ ናት። ይንገሯቸው እላለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለእርሷ ለራሷ ይንገሯት፤ ለክፍሉ ሁሉ ተናግሮ ለተበደለችው አለመናገር ይቅርታውን ያጎድለዋል።

የሦስት ልጆች እናት

እኔ ከላይ ከተባለው ጥቂት የምለይበት አለኝ። ዘጠኝ ዓመት በኖርኩበት ትዳር ውስጥ እጁን ባነሣብኝ ቁጥር ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «አንቺስ ምን አድርገሽው ነው?» የሚል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ውስጤ ተመለከትኩ፤ ወጡ ጨው በዛበት ይሆን፣ ድምፄ ከፍ አለ ይሆን እያልኩ ራሴን መረመርኩ። እርሱን ግን ማንም ወደ ውስጥህ ተመልከት አላለውም። ስለዚህ «ጥፋቱን ከራስህ ፈልግ» የሚለው ቃል ሲነገር ማን ለማን እንደሚናገረው ሳላይ አልቀበለውም።

መምህር፣ እርስዎ በተማሪዋ ላይ ሥልጣን ነበረዎ፤ ቀይ እስክሪብቶው በእርስዎ እጅ ነበርና ራስዎን መጠየቅዎ ትክክል ነው፤ ማንም ሳያዝዎ መጀመርዎም ያስከብርዎታል። ነገር ግን ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል አጉሮ፣ መጽሐፍ ሳይሰጥ፣ ከላይ ሆኖ «መምህራን ራሳቸውን ይመርምሩ» የሚል ካለ ያ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የራስዎን ጥፋት ሲያምኑ የሌላውንም አብረው አይሸከሙ፤ ያላጠፉትን አጠፋሁ ማለትም እውነት አይደለም፤ በዚያም ላይ እውነተኛው ባለዕዳ እንዲያመልጥ ያደርጋል። ሦስት መቶ ሃምሳ ደብተር በሁለት ቀን ማረም እንደማይቻል ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክተው ያውቃሉ? ካላመለከቱ፣ እንደ እኔ እይታ፣ ያም ከድርሻዎ ውስጥ ይቆጠራል።

አንድ ወላጅ

ልጄ በዚያው ዓመት ተፈትኖ አላለፈም። መምህራኑን ስረግም ከርሜ ነበር። ጽሑፍዎን ካነበብኩ በኋላ ያስታወስኩት የ10ኛ ክፍል የወላጆች ቀን ጥሪ ወረቀት ሦስት ጊዜ ደርሶኝ ሦስት ጊዜም ሳልሄድ መቅረቴን ነው። ሱቁን የሚከፍት አልነበረም፤ ይህም እውነት ነው። ለልጄ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ።

የሒሳብ መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ የምመልሰው ሳልሠራ መናገር ስላልፈለግሁ ነው።

እኅቴ ስለ ማመልከቻው የጠየቁኝ ጥያቄ መልስ «አላመለከትኩም» የሚል ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በማረፊያ ክፍል ሺህ ጊዜ ያማረርኩትን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ በወረቀት አላሰፈርኩትም። ባለፈው ሳምንት ጽፌ፣ ሌሎች ሁለት የሒሳብ መምህራን አብረውኝ ፈርመውበት አስገብተናል። መልስ አልመጣም።

ልጅቷን እናቷ ሻይ ከምትሸጥበት ቦታ አገኘኋት። የገደለኝ ነገር ስሕተቱ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ ስነግራት መደንገጧ ነው፤ ከዓመት በላይ ራሷን ደካማ ናት ብላ ደምድማ ነበር። ያንን ድምዳሜ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ሰባቱን ጥያቄዎች አብረን እንደገና ሠራናቸው፤ ስምንተኛውን ብቻዋን ሠራችው። በግል ተፈታኝነት ለመመዝገብ አስባለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ላስጠናት ተስማምተናል።

ለተማሪዎቼም ነገርኳቸው። የፈራሁት ሳቅ አልመጣም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እንግዲያው የመጀመሪያው ሴሚስተር የደብተር ማርካችንም ትክክል አይደለም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የአንዳንዶቻችሁ ትክክል አይደለም ብዬ መለስኩለት፤ ደብተራቸውን እንዲያመጡም ጠየቅኋቸው። በቀን አሥር እያነበብኩ እስካሁን 112 ደርሻለሁ። አዋላጇ እኅቴ የነገሩኝ ጥያቄ ያልጠበቅሁትን አሳየኝ። ከ112ቱ ውስጥ በ41 ደብተሮች ላይ ያው ምልክት ሳይገለበጥ ቀርቷል። ይህን ያህል ልጅ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠራ ጉዳዩ ከእርማት ያለፈ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያስተማርኳቸው ራሱ አልገባቸውም። የዚያን ቀን የተጠቀምኩበትን የትምህርት ዕቅድ አውጥቼ ሳየው ደንቡን በአንድ መስመር ጽፌ አልፌዋለሁ፤ ምልክቱ ለምን እንደሚገለበጥ የሚያሳይ ምሳሌ አልሰጠሁም።

ሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ያንን ትምህርት ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ። የዚያ ክፍል ተጠሪ ተማሪ ለሌሎቹ አስቀድሞ እንዲነግራቸው ጠይቄዋለሁ። 238 ደብተር ቀርቶኛል።